ሥራ ላይ እያሉ ሕክምና ለመግባት፦ ከጎንደር ለሚነሳ ሰው መመሪያ

"አሁን ሕክምና ልግባ ብል ይሆናል?" የሚለውን ጥያቄ ጎንደር ውስጥ በየጊዜው እሰማለሁ። አዘዞ የምትሠራ ነርስ ትጠይቃለች። ቆላ ድባ ያለ ጤና መኮንን ይጠይቃል። ባዮሎጂ የሚያስተምር መምህር ይጠይቃል። አንዳንዴ ሲቪል ምህንድስና ጨርሶ ሥራ ያጣ ወጣትም ይጠይቃል። ሁሉም ወዲያው የሚያስከትሉት ዕድሜያቸውን ነው፦ ሃያ ስምንት፣ ሠላሳ፣ ሠላሳ ሦስት። እኔ ግን በዕድሜው ብቻ የቀረ ሰው ብዙም አላየሁም። የሚቀሩት ወይ ወረቀታቸው አልተሟላም፣ ወይ የማይሆናቸውን መንገድ ይዘው ዓመት ፈጅተዋል፣ ወይ መሃል ላይ ብር አልቆባቸዋል። ስለዚህ እዚህ ስለ ጥናት የማወራው ትንሽ ነው። ስለ ወረቀት የማወራው ይበዛል።

በ"አንቺ" የጻፍኩት ከሚጠይቁኝ ሰዎች ነርሶች ስለሚበዙ ነው። ወንዶችም ለራሳችሁ አድርጋችሁ አንብቡት።

ደረጃ 1፦ መንገድሽን ለዪ

መጽሐፍ ከመግዛትሽ፣ አስጠኚ ከመፈለግሽ በፊት ይህን ጨርሺ።

አንዱ መንገድ 12ኛ ክፍልን በግል ተፈታኝነት መፈተን ነው። ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ክብደቱን ግን ብዙ ሰው አቅልሎ ያየዋል። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው። ያውም ይህ ማለፊያው ነው። የተፈጥሮ ሳይንስ ተፈታኝ ስድስት ትምህርት ከ600 ይታረምለታል። 300 ዩኒቨርሲቲ ያስገባል እንጂ ሕክምና አያስገባም። ከገባሽ በኋላ ደግሞ ፍሬሽማን፣ ማለትም የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት አለ። ሕክምና የሚደርሰው እዚያ ላይ በውጤት ከፊት ለተሰለፉት ነው። ሐኪም ለመሆን ሎጂክና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ ላይ "ኤ" ማምጣት ያስፈልጋል ብትባዪ ትስቂ ይሆናል። ፍሬሽማን ላይ ያሉት ልጆች ግን አይስቁም።

በዚህ መንገድ የምትሄጂ ከሆነ አንድ ነገር አስቀድመሽ በጽሑፍ ጠይቂ። ከዚህ በፊት በመንግሥት ወጪ ዲግሪ ወስደሽ ከሆነ፣ ለሁለተኛ ጊዜ በመንግሥት ምደባ ትገቢያለሽ ወይ? ይህን "አዎ፣ ይቻላል" ብሎ የሚነግርሽ ጓደኛ አይጠፋም። አንቺ የምትፈልጊው ግን የትምህርት ሚኒስቴርን መመሪያ ነው።

ሁለተኛው መንገድ በያዝሽው ዲግሪ መግባት ነው። በ2004 ዓ.ም. መንግሥት የሐኪም እጥረቱን ለመሙላት በ13 ተቋማት አዲስ የሕክምና ትምህርት ፕሮግራም ጀምሮ ነበር። ሰው "ኒው ኢኒሼቲቭ" እያለ የሚጠራው እሱን ነው። የሚቀበለው በጤና ወይም በተፈጥሮ ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን ነበር። ነርሱም፣ ኬሚስቱም፣ የባዮሎጂ መምህሩም ገብተውበታል። ፕሮግራሙ የተሰጠው እንደ ጎንደርና ጅማ ባሉት ነባር ትምህርት ቤቶች ሳይሆን በአዲስ በተከፈቱት ነው። ስለዚህ በዚህ መንገድ የሚሄድ የጎንደር ሰው አገሩን ለቆ ለመሄድ ልቡን ያዘጋጅ። ደግሞ በየዓመቱ ይከፈታል ብለሽ አትቁጠሪ። ጥሪው አንዱ ዓመት ከሌላው ይለያያል። የትምህርት ሚኒስቴርን፣ የጤና ሚኒስቴርንና የየዩኒቨርሲቲውን ሬጅስትራር ማስታወቂያ መከታተል ግድ ነው። ማስታወቂያ ስታገኚ ገና ሳትደሰቺ አምስት ነገር ፈልጊበት፦ የትኛውን የትምህርት መስክ ይቀበላል፣ ዝቅተኛው ነጥብ ስንት ነው፣ የስንት ዓመት አገልግሎት ይጠይቃል፣ የዕድሜ ገደብ አለው ወይ፣ የመሥሪያ ቤት ስፖንሰር ይፈልጋል ወይ። ከአምስቱ አንዱ ካልሞላልሽ የምዝገባ ብርሽን አታባክኚ።

ሦስተኛው የግል ኮሌጅ ነው። በባሕር ዳር ጋምቢን፣ በአዲስ አበባ ሐያትን የሚያውቅ ብዙ ነው። ባሕር ዳር ከጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነች የኛ ሰው መጀመሪያ ወደዚያ ያያል። የኮሌጁ ስም ምንም ይሁን ምን ከመክፈልሽ በፊት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዘንድ ዕውቅናውን አጣሪ። ማጣራት ያለብሽ "ኮሌጁ ዕውቅና አለው ወይ" የሚለውን ብቻ አይደለም። የሕክምና ፕሮግራሙ፣ አንቺ የምትማሪበት ካምፓስ ላይ፣ ዘንድሮ ዕውቅና አለው ወይ? ነርሲንግ ላይ ዕውቅና ያለው ኮሌጅ ሕክምና ላይ ላይኖረው ይችላል። ቀጥሎ ተማሪዎቹ ክሊኒካል ልምምድ የሚያደርጉት የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ ጠይቂ። ሊመረቁ ከደረሱት ተማሪዎችም ሁለት ሦስቱን ፈልገሽ ሻይ ጋብዣቸው። ብሮሹር ላይ የማይጻፈውን የሚነግሩሽ እነሱ ናቸው።

ውጭ አገር ሄዶ መማርም አለ። እሱ ላይ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከመሄድሽ በፊት ያ ትምህርት ቤት እዚህ የአቻ ግምት ያገኝ እንደሆነ አረጋግጪ። ተመልሶ መጥቶ መከራከር አያዋጣም።

እግረ መንገዴን አንድ የማይወደድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። የምትፈልጊው ሥራውን ነው ወይስ "ዶክተር" መባሉን? መባሉ ከሆነም ነውር የለውም፤ ለራስሽ ግን እወቂው። ለምሳሌ ጤና መኮንን ሆነሽ የሚያንገበግብሽ ምጥ የተያዘች እናትን ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ስትልኪ መንገድ ላይ መሞቷ ከሆነ፣ የተቀናጀ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና የሚባል የማስተርስ ፕሮግራም አለ። የተዘጋጀው ለጤና መኮንኖች ነው፤ ሕክምናን ከዜሮ ከመጀመርም በጣም ያጥራል። ነርስ ሆነሽ የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ከሳበሽ የሰመመን (አንስቴዥያ) ሙያ አለልሽ። ይህን ሁሉ አይተሽ አሁንም ሕክምና ካልሽ፣ እንቀጥል።

ደረጃ 2፦ ወረቀትሽን አሰልፊ

ይህን ማስታወቂያ ሳይወጣ ጀምሪው። ማስታወቂያ ሲወጣ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው። ያን ጊዜ ወረቀት ፍለጋ የሚሮጥ ሰው አይደርስም።

ማስረጃሽ ከታች እስከ ላይ ሳይቋረጥ መያያዝ አለበት። ቀጥታ ከ12ኛ ክፍል ዲግሪ የገባ ሰው ቀላል ነው። ችግር ያለው ከ10ኛ ክፍል ተነስቶ በሌቨል፣ ማለትም በቴክኒክና ሙያ ደረጃዎች ያደገው ነው፤ ጎንደር ዙሪያ ካሉት ነርሶች ደግሞ እንዲህ የመጣው ብዙ ነው። የ10ኛ ክፍል ካርድ፣ የሌቨል ፎር ዲፕሎማ፣ የብቃት ማረጋገጫው ማለትም ሲኦሲ፣ ከዚያ ዲግሪ፣ ከዚያ የሙያ ፈቃድ። ከ2015 ወዲህ የተመረቅሽ ከሆነ የመውጫ ፈተና ውጤትም አለ። ሁሉንም ወለሉ ላይ በተርታ ዘርግተሽ ቀኖቹን እዪ። ሲኦሲው ከዲግሪ ምዝገባው በኋላ የተሰጠ ከሆነ አጣሪው መጀመሪያ የሚይዘው እሱን ነው። የተማርሽበት የግል ኮሌጅ ተዘግቶ ከሆነ ማስረጃሽ የት እንዳለ ባለሥልጣኑን ጠይቂ፤ ለዚህ ደግሞ ወራት አስቢለት።

ስም። ይህ ቀልድ ይመስላል፤ የሚገባሽ ሲደርስብሽ ብቻ ነው። የ10ኛ ክፍል ካርድሽ ላይ "ወልደ" እና "ማርያም" ተለያይቶ፣ ዲግሪሽ ላይ ተጣብቆ፣ ፋይዳ መታወቂያሽ ላይ የአያት ስም በሌላ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ገብቶ ታገኚዋለሽ። አንቺ አንድ ሰው መሆንሽን ታውቂያለሽ፤ ኮምፒውተሩ ግን ሦስት ሴቶች ናቸው ብሎ ያስባል። ቀላሉ ስህተት በሬጅስትራር ደብዳቤ ይስተካከላል። ከበድ ያለው ፍርድ ቤት ይሄዳል። ሁለቱም ጊዜ ይፈልጋሉ።

የትውልድ ቀን ከስም የባሰ ነው። በ1988 ዓ.ም. የተወለድሽ ከሆነ በፈረንጅ አቆጣጠር 1995 ወይም 1996 ነው። አንድ ቸኩሎ የሞላ ሰው 1988ን ሳይቀይር በእንግሊዝኛው ፎርም ላይ ካሰፈረው በአንድ ብዕር ሰባት ስምንት ዓመት አርጅተሻል። የዕድሜ ገደብ ባለበት ውድድር ይህ ቀልድ አይደለም። ማስረጃሽ ሁሉ ላይ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን አጠገቡ የተጻፈውንም እዪ፦ ዓ.ም. ነው ወይስ እ.ኤ.አ.?

ወጪ መጋራት። ዲግሪሽን በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከወሰድሽና ቴምፖራሪ (ጊዜያዊ ዲግሪ) ብቻ ይዘሽ ከሆነ፣ ኦሪጅናሉን ለማውጣት የወጪ መጋራት ዕዳሽን መጨረስ አለብሽ። ከደመወዝሽ ሲቆረጥ ኖሮ ከሆነ ለገቢዎች ገቢ መደረጉን አረጋግጪ። ተቆርጦ ያልደረሰ ብር አለ። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ደግሞ በእጅሽ ይዘሽ የምትዞሪው አይደለም፤ ከተቋም ወደ ተቋም ታሽጎ ይላካል። ስለዚህ ሬጅስትራሩ ክረምት ላይ በተማሪ ቅበላ ከመወጠሩ በፊት ጠይቂ።

ሁሉንም ስካን አድርገሽ ስልክሽ ላይም፣ ኢሜይልሽም ላይ አስቀምጪ። ኔት በጠፋበት ሳምንት የኦንላይን ምዝገባ የሚዘጋበት አገር ላይ ነን፤ ፍላሽ ላይ አንድ ኮፒ ይኑርሽ። አስፈላጊ ከሆነ ሌላ ከተማ ላለ ዘመድ አስቀድመሽ ላኪለት፣ እሱ እዚያ ሆኖ ይመዘግብሻል።

ደረጃ 3፦ ከመሥሪያ ቤትሽ ጋር ተነጋገሪ

የሥራ ልምድ ደብዳቤ ስታወጪ እዚያው ቆመሽ አንብቢው። ብዙ ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው፦

"ጋሼ፣ የጀመርኩበት ወር ተሳስቷል። መስከረም ነው የገባሁት፣ እናንተ ነሐሴ ብላችኋል።"

"ኧረ ሲስተር፣ ምን ችግር አለው፣ የአሥራ አንድ ወር ነገር ናት።"

"የጎደለኝ እሷው ናት ጋሼ።"

በትሕትና፣ ግን ሳትነቃነቂ አስተካክዪው። ማኅተሙ ሙሉ መሆኑን፣ ቁጥርና ቀን መያዙን፣ ግብር የተከፈለበት መሆኑ መጻፉን እዪ። የግል ክሊኒክ ልምድ ከሆነ ይህ የመጨረሻው በተለይ ይጠየቃል።

ስፖንሰርሺፕ ካስፈለገ ውል ትፈርሚያለሽ። ውሉ ከምረቃ በኋላ ስንት ዓመት፣ የት እንደምታገለግዪ፣ ትምህርቱን ብታቋርጪ ምን እንደምትከፍዪ ይዟል። ዋስ የሚሆንሽም ሰው ያስፈልጋል። ለዋስሽ ውሉን አስነብቢው። አጎትሽ "እኔ ምን ቸገረኝ ልጄ" ብሎ ሳያነብ ከፈረመ በኋላ ነገሩ ቢበላሽ፣ የሚበላሸው ትምህርቱ ብቻ አይደለም፤ ዝምድናውም ነው።

ውጤት ተለጥፎ ስምሽን በዓይንሽ ሳታዪ ደግሞ መልቀቂያ አታስገቢ።

ደረጃ 4፦ ብሩን አስዪ

ከፍሬሽማን ብትነሺ ስድስት ሰባት ዓመት ነው። በዲግሪ ከገባሽ ያነሰ። ስፔሻላይዝ ማድረግ ከፈለግሽ ከዚያ በላይ ሌላ ሦስት አራት ዓመት ወይም ከዚያም በላይ አለ።

የመጀመሪያዎቹን ዓመታት፣ ተማሪዎቹ "ፒሲ" የሚሏቸውን፣ ቅዳሜና እሑድ ክሊኒክ ዱቲ እየወጡ የሚማሩ ነርሶች አሉ። ይከብዳል እንጂ ይቻላል። ክሊኒካል ዓመቶቹ "ሲ ዋን"ና "ሲ ቱ" ሲመጡ ግን ራውንዱ፣ ሴሚናሩ፣ የዋርዱ ሥራ ሌላ ሥራ አያሠራም። ስለዚህ እቅድሽ "እየሠራሁ እማራለሁ" ከሆነ እስከ የትኛው ዓመት እንደሆነ ጻፊ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት ከየት እንደምትሸፍኚ አሁኑኑ ማወቅ አለብሽ። ከመግባትሽ በፊት አንድ ጥሩ እቁብ ገብተሽ ዕጣሽን የመጨረሻ እንዲያደርጉልሽ ለምኚ። መጨረሻ ላይ የሚወጣ እቁብ ለነጋዴ አይመችም፤ ላንቺ ግን ደኅና ቁጠባ ነው።

ባለትዳር ከሆንሽ ይህን ስሌት ባልሽም ይየው። ልጅ ካለ ማን ይይዘዋል? እናትሽ ከሆነች በግልጽ ጠይቂያት እንጂ "እማማ አለች" ብለሽ አትለፊ።

ደረጃ 5፦ ጥናት

በ12ኛ ክፍል ለምትሄጂ፦ ሥርዓተ ትምህርቱ ተቀይሯል። አንቺ የተማርሽበትን ደብተር የታናሽ እህትሽ ልጅ ይሣልበት። አዲሶቹን የተማሪ መጻሕፍት ከ9ኛ ጀምረሽ ያዢ። ነርሶች ባዮሎጂን ስለሚተማመኑበት ይንቁታል፤ የሚጥላቸው ግን ፊዚክስና ሒሳብ ነው። ስለዚህ ከጊዜሽ ግማሹን ለሁለቱ ስጪ። አፕቲቲዩድ በሽምደዳ አይገኝም፤ ሰዓት ይዘሽ ያለፉ ፈተናዎችን መሥራት ብቻ ነው። ፈተናው ብዙ ጊዜ ሰኔ መጨረሻ ወይም ሐምሌ ላይ ይውላል፤ ምዝገባው ግን ከዚያ ብዙ ወራት ቀድሞ ስለሚያልቅ በጊዜ ትምህርት መምሪያ ብቅ በዪ።

በዲግሪ ለምትወዳደሪ፦ የመጀመሪያ ዓመት ባዮሎጂና ኬሚስትሪ፣ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ፣ እንግሊዝኛ። እንግሊዝኛውን አደራ። በሥራ ላይ የቆየ ሰው የሚያውቀውን ጥያቄ እንኳ ቀስ ብሎ ስለሚያነብ ሰዓት ይገድለዋል።

አንድ የጎንደር ነገር ልጨምር። የጥናት ፕሮግራም ስታወጪ የጥምቀትን ሳምንት ባዶ ተዪው። ከጥር 10 በፊት ጀምሮ ቤቱ በእንግዳ ይሞላል። አዲስ አበባ ያለው የአክስት ልጅ ከነጓደኞቹ ይመጣል። "አጠናለሁ" ብለሽ ክፍል ዘግተሽ ብትቀመጪ ጥናቱም አይገባሽ፣ ዘመድም ይቀየማል። ያን ሳምንት አስተናግጂ፣ ጨፍሪ፣ ከዚያ ተመለሺ።

ደረጃ 6፦ ቃለ መጠይቅ ካለ

"ሐኪም መሆን የፈለግሽው ለምንድን ነው?" መባልሽ አይቀርም። "ሕዝቤን ለማገልገል" አትበዪ። እውነት ቢሆንም ከአንቺ በፊት የገቡት ሁሉ ብለውታል። ከሥራሽ አንድ ነገር አንሺ። ሌሊት ላይ የመጣ ትንፋሽ ያጠረው ሕፃን፣ አንቺ የሠራሽው፣ ከዚያ በላይ ማድረግ ያልቻልሽው፣ ያልቻልሽበትም ምክንያት። የታካሚ ስም ሳትጠሪ፣ ራስሽን ጀግና ሳታደርጊ፣ በአጭሩ። ሁለተኛው ጥያቄ ዕድሜሽ ነው። ይቅርታ አትጠይቂበት። ሠርተሽ መጥተሻል፤ የመርፌ፣ የታካሚ፣ የሌሊት ዱቲ ልምድ ይዘሽ ነው።

ይህን ስል የጎንደሩን የሕክምና ኮሌጅ ታሪክ ማስታወስ ደስ ይለኛል። በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ያሠለጥን የነበረው ሐኪም አልነበረም። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ ነበር። ሐኪም ማሠልጠን የጀመረው በ1970ዎቹ መግቢያ ላይ፣ ከምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር ነው። ዛሬም የጎንደር ተማሪዎች ሊመረቁ ሲሉ ሐኪሙ፣ ነርሱ፣ አዋላጇ፣ የላብራቶሪ ባለሙያው አንድ ቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ ይወጣሉ። እዚያ ጤና ጣቢያ ላይ ሥራውን ቀድሞ የሚያውቀው ማን እንደሆነ ነርስ ሆና የሠራች ሰው ታውቀዋለች።

ደረጃ 7፦ ከገባሽ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ወራት

በዲግሪ ካልገባሽ በቀር የክፍል ጓደኞችሽ አሥራ ዘጠኝ ሃያ ዓመት ናቸው። "እትዬ" ይሉሻል፤ ወንድ ከሆንክ "ፋዘር" መባልህ ነው። ሳቂና እለፊው፤ ከዚያ ግን የጥናት ቡድናቸው ውስጥ ግቢ። እነሱ አናቶሚን በሦስት ቀን ይሸመድዳሉ፤ አንቺ በሽተኛ አይተሻል። መለዋወጥ ነው። ብቻዋን የምታጠና ትልቅ ተማሪ ቶሎ ትደክማለች።

"ይህንን እኮ አውቀዋለሁ" የሚል ስሜት ፋርማኮሎጂ ላይ ይመጣብሻል። መድኃኒቱን ስትሰጪ ኖረሻል። ፈተናው ግን የሚጠይቅሽ መድኃኒቱ እንዴት እንደሚሠራ ነው፣ አሰጣጡን አይደለም።

ልጅ ታመመ፣ ቤት ችግር መጣ፣ ብር አለቀ ብለሽ ማቋረጥ ግድ ከሆነ ዝም ብለሽ አትጥፊ። ሬጅስትራር ሄደሽ የዊዝድሮዋል (የማቋረጫ) ፎርም ሙዪ፣ ምክንያቱን የሚያሳይ ማስረጃ አያይዢ፣ ቅጂውን ማኅተም አስመትተሽ ያዢ። በሥርዓት ያቋረጠ ተማሪ በሪአድሚሽን (በድጋሚ ቅበላ) መመለስ ይችላል። ያለ ወረቀት የጠፋ ግን ውጤቱ "ኤፍ" ሆኖ ይጠብቀዋል። የሪአድሚሽን ማመልከቻ ደግሞ ሴሚስተሩ ከመጀመሩ በፊት ስለሚዘጋ፣ ፎርሙን ስትሞዪ የመመለሻውን ቀን እዚያው ጠይቀሽ ጻፊ።